ላፕቶፕ ላይ ይከፍታል፣ ስልክ ላይ «ሰርተፍኬቱ አይታመንም» ይላል

ችግሩ ኮምቦልቻ ላለ አንድ የጅምላ መደብር በሠራነው የትእዛዝ መቀበያ ሰርቨር ላይ ያጋጠመ ነው። ድረ ገጹ በላፕቶፕ ክሮም ያለችግር ይከፍታል። የአንድሮይድ መተግበሪያው ግን ሰርተፍኬቱን (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ሰነድ) አላምንም ብሎ ይዘጋል። ከደሴ ትእዛዝ የሚልኩ ደንበኞች ማዘዝ አቃታቸው።

መጀመሪያ የስልኮቹን ቀንና ሰዓት አስተካከልን። ለውጥ የለም። ሰርትቦት በተባለው ሰርተፍኬት አውጪና አዳሽ ፕሮግራም ሰርተፍኬቱን አሳደስን። ያው በገሌ። እባካችሁ ማሳደሱን አትደጋግሙት፤ ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ድርጅት ሌትስ ኢንክሪፕት ለተመሳሳይ ስም በ7 ቀን ውስጥ ከ5 በላይ አይሰጥም።

ፍንጩን የሰጠን ሰርተፍኬት የምንፈትሽበት መሣሪያ፣ ኦፕን ኤስኤስኤል ነው። ኤስ ክላየንት በሚለው ትእዛዙ ላይ ሾው ሰርትስ የሚለውን አማራጭ ጨምረን ስናይ፣ ሰርቨሩ የሚልከው የራሱን ሰርተፍኬት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስልኩ ከሚያምነው ዋና ሰጪ ጋር የሚያገናኘው መካከለኛ ሰርተፍኬት የለም። ክሮም የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል፤ የአንድሮይድ መተግበሪያ አያመጣም። ችግሩ ላፕቶፕ ላይ ተደብቆ የቆየው ለዚህ ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ድረ ገጹን በሚያቀርበው የሰርቨር ፕሮግራም፣ በኤንጂን ኤክስ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የሰርተፍኬቱ መስመር ሰርት ዶት ፔም የሚለውን ፋይል ይጠቁም ነበር። መካከለኛውንም ሰርተፍኬት ወደያዘው ፉልቼይን ዶት ፔም ቀየርነው። የግል ቁልፉን መስመር አትንኩት። ከዚያ ማዋቀሪያውን ዳግም እንዲያነብ ኤንጂን ኤክስን ሪሎድ አደረግን፤ ስልኮቹ ወዲያው ከፈቱ። በዚያው የኦፕን ኤስኤስኤል ትእዛዝ ደግማችሁ ስትፈትሹ ቢያንስ 2 ሰርተፍኬት መውጣት አለበት።