ሁለት ተቀራራቢ ቀይ ቀለሞችን እንዴት እናወዳድር?

ቱሉ ዲምቱ ላለው ቤታችን ቀለም ስመርጥ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ቀዮች አንድ መሰሉኝ። አንዱን ገዝቼ መጣሁ። ሳሎኑ ተቀብቶ አልቆ ማታ መብራት ስናበራ ግድግዳው ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ አለ። እንደገና አስቀባን። በጣም ነው የቆጨኝ።

መጀመሪያ ሁለቱን ናሙናዎች ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርጓቸው። ቀይ ለብቻው ሲታይ ያው ቀይ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን አንዱ ወደ በርበሬ፣ ሌላው ወደ ቀይ ስር ያደላል። በርበሬ መሳዩ ቢጫ አለበት፤ ቀይ ስር መሳዩ ደግሞ ሰማያዊ። ይህን ከለያችሁ ትልቁን ሥራ ጨርሳችኋል።

ከዚያ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ገዝታችሁ ነጭ ካርቶን ላይ ቀቡ። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የድሮው ግድግዳ ላይ አትሞክሩ። በተለይ ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነ ቀዩ ከሆነው በላይ ይደምቅባችኋል። ሁለት እጅ ቀቡ፤ ቀይ ሥሩን ቶሎ አይሸፍንም። እርጥቡንም አትመኑ። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠቁር አሳድሩት።

ዋናው ነገር ብርሃን ነው። እኛ ሰፈር ገና ሜዳ ስለሚበዛ ፀሐይ እንደልቧ ትገባለች። ካርቶኖቹን ከግድግዳ ግድግዳ እያዞራችሁ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ መብራት በርቶ እዩአቸው። አመሻሽ ላይ መብራት ሳይበራም እዩ። ዐይናችን በድንግዝግዝ ቀይን በደንብ ስለማያይ ሁለቱም ጥቁር ሊመስሏችሁ ይችላሉ። የአምፖሉን ማሸጊያም አንብቡ፤ የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን (K) ተጽፎበታል። 2700 ወይም 3000 የሚለው ቢጫማ ብርሃን ቀዩን ያሞቀዋል። 6500 የሚለው ነጭ ብርሃን ግን ቀይ ስር መሳዩን ወደ ሐምራዊ ይገፋዋል። የእኛን ሳሎን ጉድ ያደረገው ይኼው ነው። ቀለሙን ከመቀየሬ በፊት አምፖሉን ቀይሬ ማየት ነበረብኝ።

እኔን ብትጠይቁኝ ለሳሎን በርበሬ መሳዩ ይሻላል። ማታ ቡና ተፈልቶ ሲኖር የተቀመጠው ሰው ፊት ሁሉ ያምራል።

ከወሰናችሁ በኋላ ስቱኮው ላይ መጀመሪያ ግራጫ ቀለም አስቀቡ፤ ቀዩ በትንሽ እጅ ይሸፍናል። የሚበቃችሁን ያህል ባንዴ ግዙ። ቆርቆሮዎቹን ሁሉ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ደባልቃችሁ ጀምሩ፤ ሌላ ቀን የተበጠበጠ ቀይ ልክ እንደ መጀመሪያው ላይመጣ ይችላል።