እንደ አዲስ የተጻፉ ጨለማ ተረቶች ሲነበቡ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የከፋውን ላስቀድም። ብዙ አንባቢ ምልክትን የሚፈታው መዝገበ ቃላት እንደሚገልጥ ሰው ነው። ቀይ ማለት ደም፣ ጫካ ማለት ፍርሃት፣ ተኩላ ማለት ክፉ ወንድ፤ በቃ፣ አለቀ። እንዲህ ከተነበበ ተረት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ምልክት ትርጉም የሚያገኘው ታሪኩ ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ነው። ማን ለማን ሰጠው? መጨረሻውስ ምን ሆነ?

የባለሰማያዊ ጺሙን ባል ቁልፍ እንይ። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው ተረት፣ ባልየው ለሙሽራዋ የቤቱን ቁልፎች ሁሉ ይሰጣትና አንዲት ክፍል እንዳትከፍት ያስጠነቅቃታል። ትከፍታለች። የቀድሞ ሚስቶቹ ሬሳ እዚያ ነው። በድንጋጤ ቁልፉ ከእጇ ወድቆ ደም ይነካዋል። ብታጥበው፣ ብትፈትገው አይለቅም፤ በአንድ በኩል ስታስለቅቀው በሌላው ብቅ ይላል። ፔሮ መጨረሻ ላይ በግጥም የሚወቅሰው ግን ገዳዩን ሳይሆን የሴቷን ጉጉት ነው! እንግሊዛዊቷ አንጄላ ካርተር በ1979 ይህንኑ ታሪክ እንደገና ስትጽፈው፣ ባልየው ደም የነካውን ቁልፍ የሙሽራዋ ግንባር ላይ ያትመዋል። ምልክቱ ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። በፔሮ ተረት ወንድሞቿ ደርሰው ያድኗታል፤ በካርተር ግን እናቷ በፈረስ ጋልባ መጥታ ባልየውን በጥይት ትገድለዋለች። ጭብጡ ያለው እዚህ ለውጥ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ቁልፉ ምንን ይወክላል?» ከማለታችሁ በፊት «ከድሮው ምን ተቀየረ?» በሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ሌላው ስህተት «ተረቱ ድሮ ለልጆች የሚሆን ጣፋጭ ነገር ነበር፤ የዛሬ ጸሐፊዎች አበላሹት» ማለት ነው። እስቲ የፔሮን ባለቀይ ቆብ ልጅ አንብቡ። ተኩላው ይበላታል፤ ታሪኩ ያልቃል። የሚያድናት አዳኝ የመጣው በ1812 በወጣው የጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾች መጽሐፍ ነው። በዚያው መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም ላይ ስኖው ዋይት የተባለችውን ቆንጆ ልጅ ልታስገድል የምትፈልገው የገዛ እናቷ ነበረች። የእንጀራ እናት የሆነችው በ1819 እትም ነው። የዛሬ ጸሐፊ ክፋቱን ለወላጅ እናት ሲሰጥ ተረቱን አላረከሰም፤ የተሸፈነውን ገለጠው እንጂ። ይህን ያላወቀ አንባቢ ጨለማውን በሙሉ የዘመናዊው ጸሐፊ ፈጠራ አድርጎ ይወስደዋል፤ ከዚያ የሚጽፈው ትንተናም ከሥሩ ይበላሻል።

ደም በበዛ ቁጥር ሐሳቡ ጥልቅ ነው ብሎ ማሰብም አለ። አይደለም። ጭካኔው ቢወጣ ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ፣ ጌጥ ነበር ማለት ነው።

ልጆችን በምድጃ ጠብሳ ልትበላ የምትፈልገው የተረቷ ክፉ ጠንቋይ የራሷን ታሪክ ስትተርክልን ደግሞ ቶሎ አንመናት። ጸሐፊው አፍ ሰጣት ማለት ካፈሰሰችው ደም ነጻ አወጣት ማለት አይደለም። የምታልፈውን፣ የምታድበሰብሰውን ቦታ ልብ በሉ። ስለተራበው አንጀቷ ሦስት ገጽ አውርታ ስለ ምድጃው በአንድ ዓረፍተ ነገር ካለፈች፣ እርሳሳችሁን አንስታችሁ ማስመር ያለባችሁ ያቺን ዓረፍተ ነገር ነው።