የበር ማጠፊያ ጂግ አመራረጥ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤውና ወደ መፍትሔው

የውስጥ በር ከተሰቀለ በኋላ ከሚታዩት ጉድለቶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት መዝጊያው ገና በሥራ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። ጂግ የሚባለው መሣሪያ ራውተር የተሰኘው የእንጨት መፈልፈያ ማሽን የማጠፊያውን ክንፍ፣ ማለትም በብሎን የሚታሰረውን ጠፍጣፋ ሳህን፣ የሚቀበለውን ማረፊያ በልኩ እንዲቆርጥ የሚመራ ቅርጽ ሲሆን፣ የተሰጠውን ልክ ሳያዛንፍ ይደግማል፤ ልኩ የተሳሳተ ከሆነም ስህተቱን በመዝጊያውም በመቃኑም ላይ እንዲሁ ይደግመዋል። ስለዚህ ጂግ ሲመረጥ በቅድሚያ መታየት ያለበት ርዝመቱ ወይም የተሠራበት ቁስ ሳይሆን ከማጠፊያው፣ ከራውተሩ መሪ ቀለበትና ከፑንታው (እንጨቱን ከሚቆርጠው ስለት) ጋር የሚስማማ መሆኑ ነው።

ክንፉ ማረፊያው ውስጥ አይገባም፣ ወይም ገብቶ ዙሪያው ክፍት ይቀራል

ራውተሩ በጂጉ ክፍት ቦታ ውስጥ ሲዘዋወር ጠርዙን የሚነካው ፑንታው ሳይሆን በፑንታው ዙሪያ ያለው መሪ ቀለበት ነው። በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው ማረፊያ ምንጊዜም ከጂጉ ክፍት ቦታ ያጥራል፤ የሚያጥረውም ከቀለበቱ የውጭ ዲያሜትር ላይ የፑንታው ዲያሜትር ሲቀነስ በሚገኘው ልክ ነው። ለ16 ሚሊ ሜትር ቀለበትና ለ12 ሚሊ ሜትር ፑንታ የተሠራ ጂግ ክፍት ቦታው ከማጠፊያው በ4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በዚያው ጂግ ላይ የግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቢገባ ማረፊያው በ0.7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ይህ በቀላሉ ይታለፍ ይሆናል። ለ30 ሚሊ ሜትር ቀለበት የተሠራን ጂግ በ16 ሚሊ ሜትር ቀለበት መጠቀም ግን ማረፊያውን በ14 ሚሊ ሜትር ስለሚያስረዝመው መዝጊያውን ያበላሻል። ጂጉ ለየትኛው ቀለበትና ለየትኛው ፑንታ እንደተሠራ በግልጽ ካልተጻፈበት፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቢያምርም አለመግዛት ይሻላል።

ሁለተኛው መንስኤ ማጠፊያው ራሱ ነው። በተለምዶ የ100 ተብሎ የሚጠራው ማጠፊያ አንዳንዱ በእርግጥ 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ4 ኢንች ልክ የተሠራው 101.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ75 እና የ3 ኢንች ማጠፊያም እንዲሁ በ1.2 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። ማጠፊያውን በካሊፐር (በትክክለኛ መለኪያ መሣሪያ) ለክቶ በቁራጭ እንጨት ላይ አንድ ማረፊያ ቆርጦ መሞከር ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይገልጠዋል። ማረፊያው ከጠበበ በመሮ ማስፋት ይቻላል። ከሰፋ ደግሞ ቀለም በሚቀባ በር ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ክፍተት በስቱኮ መሸፈን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ማረፊያውን በእንጨት ቁራጭ ሞልቶ፣ በኮላ አጣብቆና እስኪደርቅ ጠብቆ እንደገና መቁረጥ ያስፈልጋል።

ማዕዘኖቹ አይገጥሙም

የ12 ሚሊ ሜትር ፑንታ በማዕዘን ላይ የ6 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ትቶ ያልፋል። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ማጠፊያ ከተመረጠ ይህን ክብ በመሮ ማንሳት የሥራው አካል ነው እንጂ የጂጉ ጉድለት አይደለም። ማዕዘኑ ክብ የሆነ ማጠፊያ ሲገዛ ደግሞ ራዲየሱ ፑንታው ከሚተወው ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ይገባል፤ የማጠፊያው ክብ የሚበልጥ ከሆነ በማዕዘኑ ላይ ባዶ ቦታ ይታያል።

መዝጊያው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ወደ ኋላ ይገፋል

ይህ ምልክት ሲታይ ብዙ ሰው መላጊያ አንሥቶ የቁልፉን ወገን ይልጋል፤ ችግሩ ግን በማጠፊያው ወገን ስለሆነ መላጉ አንዳች አይፈታም፣ የተላገውም አይመለስም። መንስኤው በአብዛኛው ከልክ በላይ የጠለቀ ማረፊያ ነው። ሁለቱ ክንፎች ወደ እንጨቱ ሲሰምጡ የመዝጊያው ጠርዝና መቃኑ ማጠፊያው ታጥፎ ሳያልቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ መዝጊያውን መግፋት ብሎኖቹን ከእንጨቱ መንቀል ነው።

ትክክለኛው ጥልቀት የክንፉ ውፍረት ብቻ ነው ብሎ መያዝ ስህተት ላይ ይጥላል፤ ክንፎቹ ትይዩ ሆነው ሲቆሙ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ከማጠፊያ ማጠፊያ ይለያያልና። አስተማማኙ መንገድ ማጠፊያውን ክንፎቹ ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ አጥፎ ጠቅላላ ውፍረቱን መለካት፣ ከዚያ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል እንዲኖር የሚፈለገውን ክፍተት መቀነስና የቀረውን ለሁለት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ሆኖ የ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከተፈለገ እያንዳንዱ ማረፊያ 2.5 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ጥልቀቱ በራውተሩ ላይ የሚስተካከለውም ጂጉ በቦታው ከተቀመጠ በኋላ፣ የፑንታው ጫፍ በጂጉ ክፍት ቦታ በኩል እንጨቱን ሲነካ ያንን ዜሮ ብሎ በመያዝ ነው፤ አለዚያ የጂጉ ውፍረት በሒሳቡ ውስጥ ይገባል።

ጥፋቱን በማረፊያው ላይ ከማሳበብ በፊት ሁለት ነገሮች ይታዩ። ጭንቅላቱ ከክንፉ ወለል በላይ የቀረ ብሎን ሁለቱ ክንፎች እንዳይገጥሙ ያደርጋል፤ እንዲሁም የመዝጊያው ገጽ በማጠፊያው በኩል መቃኑ ላይ ካለው የበር ማቆሚያ ጠርዝ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ቀጭን ወረቀት በየቦታው አስገብቶ መዝጊያውን ቀስ ብሎ መዝጋትና ወረቀቱ የሚያዝበትን ቦታ ማግኘት መንስኤውን ይለያል። ማረፊያው ጠልቆ ከተገኘ በልኩ የተቆረጠ ስስ ካርቶን ከክንፉ ሥር ማስገባት በቂ ነው፤ ከሁለቱም ክንፎች ሥር የግማሽ ሚሊ ሜትር ካርቶን ማስገባት ክፍተቱን በ1 ሚሊ ሜትር ያሰፋዋል። ምልክቱ ተቃራኒ ከሆነ፣ ማለትም በማጠፊያው ወገን ሰፊ ክፍተት እየታየ የቁልፉ ወገን መቃኑን ከፈተገ፣ ማረፊያው ጥልቀት ስላነሰው ክንፎቹን ፈትቶ ማጥለቅ ያስፈልጋል።

ሦስት ማጠፊያ ያለው በር እየተንጫጨ ይታገላል፣ የመካከለኛው ብሎንም ይላላል

በር የሚዞረው የማጠፊያዎቹ ዘንጎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሲሆኑ ነው። ሁለት ነጥቦች ምንጊዜም መስመር ይሠራሉ፤ ሦስተኛው ግን ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል። ለማረጋገጥ የመካከለኛውን ማጠፊያ ብሎኖች ከመቃኑ ላይ ፈትቶ በሩን ማንቀሳቀስ ነው፤ ያለ ድካም ከዞረ መንስኤው ተገኝቷል።

የጂግ ምርጫ ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱንም ማረፊያዎች የያዘና የማይተጣጠፍ ረጅም ጂግ መካከሉ ወደ ውስጥ በጎደጎደ መቃን ላይ ሲቀመጥ ጉድጓዱን እንደ ድልድይ ተሻግሮ ይቆማል። ራውተሩ በጂጉ ላይ ስለሚሄድ የመካከለኛው ማረፊያ ከመቃኑ ገጽ አንጻር ጥልቀቱ ያነሰ ይሆናል፤ የሦስቱ ማረፊያዎች ወለል ግን በአንድ መስመር ላይ ይውላል። ማረፊያው ለዓይን ደስ ባይልም በሩ በደንብ ይዞራል። አንድ ማረፊያ ብቻ ያለው ትንሽ ጂግ ወይም በመካከሉ ታስሮ ከመቃኑ ጋር የሚጎብጥ ስስ ጂግ ደግሞ የመቃኑን ጉብጠት ተከትሎ ይቆርጣል፤ ማረፊያዎቹ እያንዳንዳቸው ያማሩ ሆነው በሩ ግን ይታገላል። ስለዚህ መቃኖቹ ያረጁ ወይም የጎበጡ ከሆኑ ረጅሙንና ጠንካራውን ጂግ እመርጣለሁ፤ መካከሉን ወደ መቃኑ በሞርሳ መሳብም አይገባም። መቃኑ በተቃራኒው ወደ ውጭ ካበጠ ረጅሙ ጂግ እንደ ሚዛን ላይና ታች ስለሚዋዥቅ፣ ከመቁረጥ በፊት በላይና በታች ጫፎቹ ሥር እኩል ማስደገፊያ ማስገባት ግድ ይላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መቃኑን አስቀድሞ በቀጥ ያለ ጣውላ ለክቶ ማቃናት ነው።

አስቀድሞ ለተቆረጠ በር፣ የመካከለኛውን ማጠፊያ ብሎኖች አላልቶ ክንፉ በነጻ የሚቆምበትን ቦታ ማየትና በዚያ ልክ ካርቶን ማስገባት ወይም ማረፊያውን ማጥለቅ ነው። ብሎኖቹን በኃይል አጥብቆ ክንፉን ወደ መቃኑ መሳብ ችግሩን ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ አያስወግደውም።

የመዝጊያው አናት ከመቃኑ ጉበን ጋር ይፋተጋል

ረጃጅም ጂጎች በላይኛው ጫፋቸው ላይ የሚዞር ወይም የሚነሣ ትንሽ ሳህን አላቸው፤ ተግባሩ በመዝጊያው አናትና በጉበኑ መካከል የሚኖረውን ክፍተት፣ ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር፣ መጠበቅ ነው። መዝጊያውም መቃኑም ሳህኑ በአንድ አኳኋን እንዳለ ከተቆረጡ ማጠፊያዎቹ በትክክል ይገናኛሉ፤ መዝጊያው ግን ከጉበኑ ጋር ያለ ክፍተት ይገጥማል። የመዝጊያው አናት በቂ ድፍን እንጨት ካለው የጎደለውን ክፍተት ያህል መላግ ያድነዋል፤ ከሌለው የመቃኑን ማረፊያዎች ሞልቶ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ነው። ሳህን የሌለውን ጂግ የሚጠቀም ሰው መቃኑን ሲቆርጥ የክፍተቱን ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ በጂጉ አናትና በጉበኑ መካከል ማስገባት አለበት።

የማረፊያው ወለል ያዘነበለ ወይም ጠርዙ የተቦጫጨቀ ነው

የውስጥ በር ጠርዝ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሰፋ ጠባብ ጂግ ለራውተሩ የሚያርፍበት ቦታ አይሰጠውም፤ ማሽኑም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ከኮምፔርሳቶ ወይም ከኤምዲኤፍ በእጅ በሚሠሩ ጂጎች ላይ ይህ ጉድለት ይበዛል፤ መድረኩን ማስፋትና ከመዝጊያው ገጽ ጋር የሚጣበቅ ደጋፊ ጣውላ መጨመር ያርመዋል። የጠርዙ መቦጫጨቅ ግን ከደነዘ ፑንታ ወይም በሚገባ ካልታሰረ ጂግ ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹ በሮች ተሳክተው የኋለኞቹ ይሳሳታሉ

ርዝመታቸው በተንሸራታች ቁራጮች የሚስተካከል ጂጎች በራውተሩ ንዝረት ቀስ በቀስ ይላላሉ። በየበሩ መጀመሪያ ማጠፊያውን በክፍት ቦታው ውስጥ የቀለበቱንና የፑንታውን ልዩነት ያህል ከተለካ ቁራጭ ጋር አስገብቶ ማረጋገጥና ማጥበቂያዎቹን መፈተሽ ይገባል። ሥራው ሁሉ በአንድ ዓይነት ማጠፊያ የሚከናወን ከሆነ የማይስተካከል፣ ልኩ የተቆረጠ ጂግ ይሻላል፤ የሚስተካከለው የሚጠቅመው ማጠፊያው ከሥራ ሥራ ለሚለዋወጥበት ባለሙያ ነው። አንድ ወይም ሁለት በር ብቻ ለሚሰቅል ሰው ደግሞ ጂጉን አስተካክሎ በቁራጭ እንጨት ላይ ለመፈተን በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ ማረፊያዎቹን በተሳለ መሮ መቁረጥ ይቻላል።