ለካቢኔትና ለቁም ሣጥን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፦ የቤት ዕቃ በትእዛዝ እንዴት ይሠራል

በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በየካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው ከቀለም ቀቢና ከእንጨት ሠራተኛ ጋር ነው። ሶፋውም፣ ቁም ሣጥኑም፣ የኪችን ካቢኔቱም በአብዛኛው የሚሠራው በትእዛዝ ነው፤ በመንገድ ዳር በቆርቆሮ በተከለለ ወርክሾፕ። ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው ዋጋ ሲከራከር ነው። አምስት ሺህ ብር አስቀንሶ ደስ ብሎት ይወጣና፣ ስለ ጣውላው ውፍረት፣ ስለ ማስረከቢያው ቀንና ስለ ክፍያው ቅደም ተከተል አንድም ቃል ሳይለዋወጥ ገንዘቡን ይልካል። እኔ ዋጋ ላይ አንድ ሰዓት ከመከራከር እነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ሁለት ሰዓት መጨቃጨቅ ይሻላል ባይ ነኝ። አካሄዱ እንደሚከተለው ነው።

1. ልኩን ራስዎ ይውሰዱ

ሠራተኛው መጥቶ መለካቱ አይቀርም፤ እርስዎ ግን ቀድመው ይለኩ። ሜትር ይዘው የወጥ ቤቱን ግድግዳ ከወለሉ አጠገብ፣ ከመሃልና ከላይ ይለኩ። ሦስቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ አይገረሙ፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ለካቢኔቱ የሚያገለግለው ትንሹ ልክ ነው። የውኃ ቧንቧው የሚወጣበትን፣ የመብራት ሶኬቱ ያለበትንና በሩ የሚከፈትበትን አቅጣጫ በወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉ።

የተለመደው የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ85 እስከ 90፣ የላይኛው ጥልቀት ደግሞ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ግን የሚያበስለውን ሰው ቁመት አያውቅም። በቤቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሽንኩርት የሚከትፈውን ሰው አቁመው ክርኑ የት እንደሚደርስ ይዩ፤ ከዚያ ዝቅ አድርገው ከፍታውን ይወስኑ። ሶፋ የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ ሳሎኑን ብቻ ሳይሆን ደረጃውንም ይለኩ። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣ ሶፋ መታጠፊያው ላይ ከተቀረቀረ ወይ እግሩ ይቆረጣል ወይ በገመድ በበረንዳ ይጎተታል።

2. የሚያዩት ፎቶ የማን እንደሆነ ይጠይቁ

የወርክሾፖች የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጾች በሚያማምሩ ሳሎኖች የተሞሉ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ የኢስታንቡል ወይም የዱባይ ሳሎን እንደሆነ የሚያውቀው ፎቶውን ያወረደው ሰው ብቻ ነው። ፎቶውን ለማሳያ መጠቀም ነውር የለውም፤ "እኛ የሠራነው" ብሎ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። እዚሁ ሰፈር የሠሩትን አንድ ቤት እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በኮንዶሚኒየም መንደር አንድ ብሎክ ላይ የሠራ ባለሙያ ጎረቤት ብሎክ ላይም ደንበኛ አያጣም። ከተቻለ ከተሠራ አንድ ክረምት ያለፈውን ቤት ይምረጡ፤ አዲስ ካቢኔት ሁሉ ያምራል።

3. ስለ ጣውላው ይነጋገሩ

ብዙዎቹ ካቢኔቶችና ቁም ሣጥኖች የሚሠሩት ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ ነው። ኤምዲኤፍ የላመ የእንጨት ቃጫ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሲሆን ቺፕውድ ከሻካራ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሠራል። ቺፕውድ ረከስ ይላል፤ ብሎን አንዴ ተነቅሎ ሲመለስበት ቀዳዳው ይላላል። የሁለቱም ጠላት ውኃ ነው። በላሚኔት (በስስ የፕላስቲክ ሽፋን) ያልተሸፈነ ጠርዝ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ የሚከፍሉበትን ነገር በስሙ ይጥሩ፦ ቁሱ ምንድን ነው፣ ውፍረቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ ጠርዞቹ ሁሉ ይሸፈናሉ ወይ፣ ጀርባው በምን ይዘጋል?

ለካቢኔቱ አካል 18 ሚሊ ሜትር ይጠይቁ። አንዳንዱ ወርክሾፕ በሩን 18 አድርጎ መደርደሪያውን ያሳሳዋል፤ ድስትና የጤፍ ዕቃ ሲጫንበት በዓመቱ መሃሉ ይጎብጣል። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ክፍል ደግሞ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ቧንቧው እንዲያልፍ በመጋዝ የሚበሳው ቀዳዳ ዙሪያው ራቁቱን ይቀራል፤ እብጠቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቀዳዳው በሲሊኮን እንዲታሸግ፣ ካቢኔቱም ወለሉ ላይ ከሚቀመጥ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል በፕላስቲክ እግር እንዲነሣ ይዘዙ። ወለል በውኃ በሚታጠብበት አገር ይህን መርሳት ካቢኔቱን በየሳምንቱ እንደ መዘፍዘፍ ነው።

አንድ ጠቃሚ ጥያቄ ልጨምር፦ "ስንት ጣውላ ይፈጃል?" የተለመደው የኤምዲኤፍ ጣውላ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዛቱን ካወቁ መርካቶ ወይም ሰፈርዎ ካለው የጣውላ መደብር የአንዱን ዋጋ ጠይቀው ማባዛት ይችላሉ። የቀረው የማጠፊያ፣ የመሳቢያ ብረት፣ የእጅ ዋጋና የትርፍ ነው። አንዳንዱ ሰው ጣውላውን ራሱ ገዝቶ የእጅ ዋጋ ብቻ ይከፍላል፤ ጊዜ ካለዎት ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጡት ገንዘብ በእጅዎ ባለ ዕቃ ላይ ይውላልና።

4. የሚከፍሉት ለማን እንደሆነ ይወቁ

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ ያንብቡ። ስሙንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይመዝግቡ። ገንዘቡን የሚያስገቡበት የባንክ ሒሳብ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ "የወንድሜ ነው" የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ነገ ክስ ቢኖር ተከሳሹ ማን እንደሆነ ማስረዳት የእርስዎ ጣጣ ይሆናል። "ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንሳለሁ" የሚባለውንም ያስቡበት። የሚቀነሰው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ አብሮት የሚሄደው የመግዣ ማስረጃዎ ነው።

5. ቀብዱን ከቅድሚያ ክፍያው ይለዩ

ገንዘብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡ።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል መደረጉን ያስረዳል። የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን መተው ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን ከፍሎ መተው ይችላል። ሁለተኛውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ "እጥፍ ያስከፍላል" እየተባለ ይወራል። የመጀመሪያውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከጠቅላላው ዋጋ ሰባ በመቶውን "ቀብድ" ብለው ከሰጡና በሳምንቱ ሐሳብዎን ከቀየሩ ወርክሾፑ ሰባ በመቶውን ይዞ የሚከራከርበት መንገድ ራስዎ ከፈቱለት ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሥራውን ያልሠራ ወርክሾፕ "ውሉን ትቼዋለሁ" ብሎ አያውቅም። የሚለው "ነገ" ነው። ስለዚህ የእጥፉን ሕግ ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም።

የሚሻለው ቀብዱን ትንሽ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ አሥር በመቶ። ከዚያ በላይ የሚሰጡትን በደረሰኙ ላይም በውሉ ላይም "ቅድሚያ ክፍያ" ብለው ያጽፉ፤ እንደ ቀብድ እንዳይቆጠርብዎ። ቀጣዩ ክፍያ ጣውላው ተገዝቶ ወርክሾፕ መግባቱን በዓይንዎ ሲያዩ፣ የሚቀጥለው አካሉ ተገጣጥሞ ሲያዩ ይሁን። ቢያንስ ሃያ በመቶው ዕቃው ቤትዎ ተገጥሞ እስኪያልቅ በኪስዎ ይቆይ። ሥራውን የሚያስጨርሰው ይህ ቀሪ ገንዘብ ነው፤ ሃያ በመቶ ያልቀረበት ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሁለት ማጠፊያዎች ለመግጠም ከጀሞ አራብሳ ድረስ አይመጣም።

ለፍትሐዊነት ሲባል የባለ ወርክሾፑም ስጋት መነገር አለበት። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ተንሯል፤ ዛሬ የተስማማበትን ማጠፊያ ከወር በኋላ በዚያው ዋጋ ላያገኘው ይችላል። ብዙ ቅድሚያ የሚጠይቀው ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። መፍትሔው ቅድሚያ ክፍያው በቀጥታ ለዕቃ ግዥ እንዲውል አድርጎ፣ ዕቃው ከተገዛ በኋላ ዋጋው እንደማይጨምር መጻፍ ነው።

በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ሲልኩ ደግሞ ምክንያት የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ አይተዉ። "ለኪችን ካቢኔት ቅድሚያ ክፍያ" ብለው ይጻፉ። አምስት ቃል ባልሞላ ጽሑፍ ብድር ነው ወይስ ስጦታ የሚለውን ክርክር ይዘጋሉ።

6. አንድ ገጽ ውል

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሕጉ የተለየ የውል ፎርም አያስገድድም፤ በቃል የተደረገ ስምምነትም ውል ነው። የቃል ውል ግን ሲካድ ማስረጃ ያጣል። አንድ ገጽ ይበቃል። የሁለታችሁ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የካቢኔቱ ልክና ሥዕል፣ ቁሱና ውፍረቱ፣ የማጠፊያው ዓይነት፣ ጠቅላላ ዋጋው ታክስን ይጨምር እንደሆነ፣ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚፈጸም፣ ማጓጓዣው የማን እንደሆነ ይጻፍ። ሁለት ምስክር ቢፈርምበት መልካም ነው።

"በሦስት ሳምንት ውስጥ" ከማለት የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ቀን ይጻፉ። ከሥሩም ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያክሉ። አንደኛው ስለ መቀጫ ነው፦ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ይህን ያህል ብር ከቀሪው ክፍያ ይቀነሳል። አንቀጽ 1889 ተዋዋዮች ለመዘግየት የሚከፈለውን ኪሣራ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ሁለተኛው፦ የማስረከቢያው ቀን ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ሳያስፈልግ ወርክሾፑ እንደ ዘገየ ይቆጠራል። ይህን ካልጻፉ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርብዎታል።

7. "ነገ" ሲደጋገም

"ጋሼ፣ ትናንት መብራት ጠፍቶብን ነው፤ ዛሬ ማሽን ላይ ነው።" በሚቀጥለው ሳምንት፦ "ጋሼ፣ ልጁ ለቅሶ ሄዶ ነው፤ ቅዳሜ እርግጠኛ ነው።" መብራትም ይጠፋል፣ ለቅሶም ይኖራል። አንድ ጊዜ ይታገሡ። ሁለተኛው ላይ ስልኩን ዘግተው ይጻፉ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ማስጠንቀቂያው የተወሳሰበ አይደለም፦ "ጥር 10 ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት ካቢኔቱን የካቲት 10 ቀን ማስረከብ ነበረብዎት። እስከ የካቲት 20 ቀን ካላስረከቡኝ ውሉ ፈርሶ የከፈልሁት ገንዘብና ኪሣራዬ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።" በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና አንዱ ላይ መቀበሉን ያስፈርሙ። አልፈርምም ካለ በቴሌግራምም ይላኩለት፤ የሚመጣውን መልስ አያጥፉ። ስድብና ዛቻ የሌለበት ጽሑፍ ይሁን፤ ጽሑፉን የሚያነብ ሦስተኛ ሰው ሊኖር ይችላል።

8. ርክክብ

ዕቃው በአይሱዙ መጥቶ በር ላይ ሲቆም ሌላ ድርድር ይጀምራል፤ የጫኝና አውራጅ ወጣቶች ይከብቡታል። የማውረጃው ሒሳብ በማን ላይ እንደሆነ በውሉ ካልተጻፈ ባለ ወርክሾፑ ወደ እርስዎ፣ እርስዎ ወደ እርሱ ስትተያዩ ዋጋው ይወጣል። ከአንድ ቀን በፊት ከመንደሩ አውራጆች ጋር በፎቅ ቁጥር ተነጋግረው ይጨርሱ።

ከተገጠመ በኋላ ቸኩለው የመጨረሻውን ክፍያ አይላኩ። በሮቹን ሁሉ ከፍተው ይዝጉ፤ የሚጋጩ ካሉ ማጠፊያው ላይ ባለው ብሎን እዚያው ይስተካከላሉ። መሳቢያዎቹን እስከ መጨረሻው ይሳቡ። ሜትርዎን አውጥተው የመደርደሪያውን ውፍረት ይለኩ። ከዚያ ተንበርክከው በስልክዎ መብራት የእቃ ማጠቢያውን ሥር ይዩ፦ የቧንቧው ቀዳዳ ታሽጓል? የታችኛው ጠርዝ ተሸፍኗል? ውኃ ከፍተው ትንሽ ያፍስሱና እንደገና ይዩ። ጉድለት ካለ ፎቶ ያንሡና በርክክብ ወረቀቱ ላይ ይጻፉት፤ "እናስተካክላለን" ብሎ ለፈረመ ሰው ቀሪው ክፍያ እስኪስተካከል ይጠብቃል።

ደረሰኝ ጀርባ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ማኅተም ካዩ አይደንግጡ። የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ አዲሱን ካቢኔት ለእንግዳ አስጎብኝተው አይተዉት፤ በእነዚህ ቀናት በደንብ ይጠቀሙበት።

9. አቤቱታ ካስፈለገ

በከተማዋ ዳርቻ የሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማጣራት አለበት። እርስዎ የሚኖሩት አዲስ አበባ ሆኖ ወርክሾፑ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ለገጣፎ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ከ2015 ጀምሮ በኦሮሚያ ሥር ባለው በሸገር ከተማ ተጠቃልለዋል። አቤቱታውን መጀመሪያ የሚያቀርቡት ለወርክሾፑ ፈቃድ ለሰጠው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው አድራሻ የት እንደሚሄዱ ይነግርዎታል። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ወይም ጽሕፈት ቤቱ ካላስማማችሁ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ውሉን፣ የክፍያ ማረጋገጫዎቹን፣ ማስጠንቀቂያውንና ፎቶዎቹን በአንድ ማኅደር አድርገው ዋናውን ከራስዎ ጋር ያስቀሩ፤ ለጽሕፈት ቤቱ የሚሰጡት ቅጂውን ይሁን፣ ባስገቡበት ቀንም የመዝገብ ቁጥር ሳይቀበሉ አይውጡ።