የድሬዳዋን ነጭ ድንጋይ በጂቪ እና በፐርማንጋኔት እንዴት ማቅለም ይቻላል?

በድሬዳዋ ዙሪያ የሚገኘው ነጭ የኖራ ድንጋይ ሲያዩት ተራ ነው። ተቆርጦ ሲለሰልስ ግን በብዙው ውስጥ የጥንት ባሕር ቅርፊቶች ይወጣሉ። ቀለም ሲያጠጡት የድንጋዩ ገላ ይቀለምና ቅርፊቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ካልሳይት ወደሚባል ጠጣር ማዕድን ስለተለወጠ ፈሳሽ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ይህን የመሰለ ጌጥ ለመሥራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፣ በተለይ ከቀለሙ በኋላ።

ድንጋዩን መምረጥ

የተንከባለለ ጠጠር በድሬዳዋ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይገኛል። በክረምት ደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ከታየ ወደ ወንዙ አይውረዱ፤ ከተማው ላይ ፀሐይ ቢሆንም ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ነው፣ ድሬዳዋን የመታው የ1998ቱ ጎርፍም በሌሊት እንዲሁ ነው የመጣው። ሐረር ላይ ያሉ ደግሞ አሮጌውን ከተማ ከከበበው ከጁገል ግንብ የወደቀ ድንጋይ አይንኩ። ግንቡ የዓለም ቅርስ ነው፣ የወደቀውም ለጥገናው ያስፈልጋል።

አዲስ በተሰበረ ፊቱ ላይ ሎሚ ጠብ ያድርጉ። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። ቀጥሎ በሌላ በኩል አንድ ጠብታ ውሃ ያሳርፉ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሰረገ ድንጋዩ ቀለም ይጠጣል፣ እንደ ዶቃ ቆሞ ከቀረ ይተዉት። የእምነ በረድ ቆራጭ ቤት ትርፍራፊ ለመቁረጥ ደስ ቢልም በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቀለሙ ከላዩ አያልፍም።

እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ የኩሽና ሚዛን በቂ ነው። 200 ግራም የሚመዝን ደረቅ ድንጋይ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ አቆይተው፣ ላዩን ጠርገው እንደገና ይመዝኑ። 206 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። 202 ካልሞላ ቀለምዎን አያባክኑበት።

መቁረጥና ማለስለስ

ይህ ድንጋይ ለስላሳ ስለሆነ በብረት መጋዝ ይቆረጣል። ግራይንደር ያፈጥናል፤ ነገር ግን አቧራው ከባድ ነው፣ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ ደግሞ ሰው ይገድላል። ለትንሽ ጌጥ መጋዙ ይሻላል። ከአንድ ድንጋይ ሁልጊዜ ሁለት ቁራጭ ያውጡ፤ አንደኛው በኋላ ተሰብሮ የቀለሙን ጥልቀት ያሳያል። 4 በ3 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ለጀማሪ ይመቻል።

በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 120፣ ከዚያ 220 እያሉ ውሃ እያስነኩ ይፈግፍጉት። 220 ላይ ይቁሙ። ከዚያ በላይ ካለሰለሱት የራሱ ዱቄት ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በጥርስ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ይጠቡት፣ ሳሙና ግን አይንካው። ውሃችን ኖራ ስለሚበዛው ከሳሙና ጋር ሽፋን ይሠራል፣ ቀለሙም በዚያ ሽፋን ላይ ይንሸራተታል።

ከቀለም በፊት ማድረቅ

የድሬ ፀሐይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቁራጩን ሁለት ሙሉ ቀን ቆርቆሮ ላይ አስጥተው ጠዋትና ማታ ይመዝኑ፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ እኩል ከመዘነ ደርቋል። ከዚያ በአሮጌ መጥበሻ 3 ሳንቲ ሜትር አሸዋ አድርገው፣ ድንጋዩን ቀብረው፣ በጣም ትንሽ እሳት ላይ አንድ ሰዓት ያቆዩ። በቀጥታ ምጣድ ላይ የተጣለ ድንጋይ ይሰነጠቃል፤ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይፈነቅለዋል።

ማቅለም፤ ጂቪ

ጂቪ የሚባለው የፋርማሲ ወይን ጠጅ መድኃኒት ሰው ከሚያስበው በላይ ጥሩ የድንጋይ ቀለም ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ስለሆነ እስከ ቀዳዳው ድረስ ይገባል። የሐረር ቤት የሚቀባበት ቀይ አፈር ግን ለዚህ አይሆንም፤ የደቀቀ አፈር እንጂ የሟሟ ቀለም ስላልሆነ ቅንጣቱ ደጃፍ ላይ ይቀራል። በልብስ ቀለም ማሸጊያ ላይ የሚታዘዘውን ኮምጣጤ ደግሞ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ኮምጣጤ ይህን ድንጋይ ይበላዋል።

ጓንት ያድርጉ። ከአሸዋው የወጣው ድንጋይ ለጥቂት ሰከንድ በእጅ እስኪያዝ ይቀዝቅዝ፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። በጠባብ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሁለት የጥርስ እንጨት አጋድመው ድንጋዩን ከላያቸው ያቁሙት። አንድ ፐርሰንት የሆነውን ጂቪ የድንጋዩን አንድ ሦስተኛ እስኪሸፍን ብቻ ያፍስሱ። ሞቃቱ ድንጋይ ቀዝቃዛ ቀለም ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ቀለሙን ይስበዋል። ከመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ አይጥለቅ፤ ከጠለቀ አየሩ በሁሉም በኩል ይታፈንና መሐሉ ነጭ ይቀራል። ከሦስት ሰዓት በኋላ እስከ ግማሽ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ እስከ አናቱ ይሙሉ። ዕቃውን ይክደኑ፣ ካልከደኑ ቀለሙ ሲተን በድንጋዩ ላይ የማይለቅ ጥቁር ቀለበት ይተዋል። በጠቅላላው 48 ሰዓት ይቆይ።

ጂቪውን በአልኮል ማቅጠን ያፈጥነዋል። ይህን የሚያደርግ ግን ቀዝቃዛ ድንጋይ ይዞ፣ ደጅ ወጥቶ፣ ከእሳት ርቆ ያድርገው፤ በድሬ ሙቀት የአልኮል ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ከቀለም በኋላ ማድረቅ

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከቀለም በፊት የረዳው ፀሐይ አሁን ጠላት ነው። እርጥብ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲውል ውሃው ከውስጥ ወደ ላይ ይጎርፋል፣ ቀለሙንም ይዞት ይመጣል፤ ላይ ሲደርስ ውሃው ይተንና ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይከማቻል። ሲያዩት ጥቁር ወይን ጠጅ፣ በጣም ያማረ ይመስላል። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲፈገፍጉት ግን ይገፈፍና ከሥሩ የደበዘዘ ሮዝ ይወጣል። ሰው ይህን ሲያይ ቀለሙ ደካማ ነው ብሎ ሌላ ብልቃጥ ይገዛል፤ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የጥድፊያው ነው።

ስለዚህ ላዩን በጥጥ ጨርቅ ጠርገው፣ በሁለት እጥፍ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ ክዳኑ በጥቂቱ በተከፈተ ካርቶን ውስጥ ጥላ ላይ ያስቀምጡ። በየቀኑ ጋዜጣውን ይቀይሩ። አራት ቀን፣ ወፍራም ከሆነ ስድስት። ሚዛኑ እኩል ሲሆን አብሮ የተቀለመውን ሁለተኛውን ቁራጭ በመዶሻ ይስበሩ። ቀለሙ ከጠርዙ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ከገባ ዋናውን ማለስለስ ይቻላል። ከ1 በታች ከሆነ ከአሸዋው ጀምሮ ይድገሙ።

ቡናማ ከፈለጉ

ጂቪ አንድ ጉድለት አለው፤ ብርሃን ላይ ይደበዝዛል። መስኮት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት (ውሃን ወይን ጠጅ የሚያደርገው ዱቄት) ይሻላል፤ የሚተወው ቡናማ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፣ በተፈጥሮ ድንጋይ ላይ ዛፍ የሚመስሉ ጥቁር ሥሮችን ከሚሠሩት ማዕድናትም አንዱ እሱ ነው። 3 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሙተው ድንጋዩን በዚያው ውስጥ አቁመው፣ ቀስ በቀስ እየሞሉ፣ 24 ሰዓት ያጠጡት። ከዚያ ላዩን ጠርገው 10 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በተበጠበጠበት ይንከሩት። ወይን ጠጁ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ይዞራል። ዱቄቱን ከግሊሰሪን ወይም ከአልኮል ጋር በፍጹም አያገናኙ፣ በራሱ ሊነድ ይችላል።

መጨረሻው

በብርጭቆ ወረቀት 400፣ 600፣ ከዚያ 1000 እያሉ ይፈግፍጉት። እርጥብ ጥጥ አሽተው ቀለም ከለቀቀ ይጠቡት፣ እንደገና በጥላ ያድርቁት። ከዚያ ለብ አድርገው የማር ሰም ቀብተው በሱፍ ጨርቅ ይወልውሉ። ቫርኒሽ ላስቲክ ያስመስለዋል፤ በአልኮል የቀጠነ ላክ የሚባለው ማንጸባረቂያ ደግሞ ጂቪውን ያሟሟዋል። ሕፃን አፉ ውስጥ ሊከተው የሚችል ነገር በዚህ አይሥሩ፤ ለሰው ከሸጡም የተቀለመ መሆኑን ይንገሩ።

የተረፈውን ፍሳሽ ወደ ደቻቱ አይድፉ፣ ከተማው የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጂቪውን ሰጋቱራ አስጠጥተው፣ ደርቆ ከቆሻሻ ጋር ይውጣ። ፐርማንጋኔቱን ግን መጀመሪያ ወይን ጠጁ እስኪጠፋ ድረስ ስኳር ይጨምሩበት፤ ሳይጠፋ ሰጋቱራ ላይ ከደረቀ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።