ማኅበራችሁ አዲሱን መተግበሪያ ይጠቀምበት ይሆን? አስቀድማችሁ የምታጣሩበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ አንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ደብተሩን ትቶ በስልክ የጋራ መዝገብ ሊጀምር አስቧል እንበል። መተግበሪያው ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። አባላቱ ይይዙታል ወይ? ይህን ገንዘብ ሳይወጣ ማጣራት ይቻላል።

መጀመሪያ ሥራው አሁን እንዴት እንደሚሄድ እዩ። በጠዋት ወተት መሰብሰቢያው ላይ ተገኙ። መዝጋቢዋ ትለካለች፣ ትፈትሻለች፣ ትጽፋለች። እጇ እርጥብ ነው፤ የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ወረፋው እየረዘመ ስልክ መነካካት ለእሷ ምን እንደሆነ ቢሮ ተቀምጦ አይታወቅም።

ቀጥሎ ወረቀት ላይ ሁለት ረድፍ አስምሩ፦ የሚለፋው ማነው? የሚጠቀመውስ? ጆናታን ግሩዲን የተባለ ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. የቡድን ሥራ ቴክኖሎጂዎች ለምን እንደሚከሽፉ ሲያስረዳ ዋናው ያለው ይህንኑ ነው። ምሳሌው የጋራ ቀጠሮ መያዣ ነበር፤ ሁሉም ሰው ቀጠሮውን መሙላት አለበት፣ የሚቀለው ግን ስብሰባ ለሚጠራው ነው። እዚህም የማኅበሩ ሊቀመንበር ሪፖርት ቁጭ ብሎ ያገኛል፤ መዝጋቢዋ በደብተርም በስልክም ትጽፋለች። እንግዲያው ወይ ደብተሩ ይቅርላት፣ ወይ የክፍያ ድምሩን መተግበሪያው ይሥራላት። ይህ ካልተፈታ ስልጠና ቢደጋገም ለውጥ አያመጣም ባይ ነኝ።

ስልክም ቁጠሩ። ስማርት ያልሆነ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ስንት ነው? ከተማ ውስጥ የሠራ ነገር መንዝ ገጠር ወይም አንኮበር ቁልቁለት ላይ ኔትወርክ ሊያጣ ይችላል። ብዙው አባል መግባት ካልቻለ የገባውም ይሰለቻል።

"ትጠቀሙበታላችሁ?" ብላችሁ በስብሰባ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ፤ ሁሉም "እሺ" ይላል። ይልቅ "ባለፈው የቴሌግራም ግሩፑ ሲከፈት ምን ሆነ?" በሉ። ስብሰባ ላይ ዝም ያሉትን እናቶች ደግሞ ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። እውነተኛው መልስ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ከዚያ በአንድ መሰብሰቢያ ብቻ፣ ለሁለት የክፍያ ዙር ሞክሩት። ደብተሩ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ማንም ሳይጎተጉት መዝገቡ በየጠዋቱ ይሞላል ወይ? "ትናንት እኮ አምስት ሊትር ነው ያስረከብኩት" የሚል ክርክር ሲነሳስ ሰው የሚያየው ወዴት ነው? ስልኩን ካየ ወደ ሌሎቹ መሰብሰቢያዎች አስፋፉት። ተደብቆ የተጻፈ ደብተር ብቅ ካለ ግን ገና ነው፤ ግዢውን አቆዩና መዝጋቢዋን ምን እንደቸገራት ጠይቋት።