የጓሮ ባቡር የእንጨት ፉርጎ ሲሠራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የጓሮ ባቡር ማለት ጓሮ ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ትንሽ የባቡር ሞዴል ነው። ጅማ ላይ ለፉርጎው ሥራ ከዋንዛ የተሻለ እንጨት መፈለግ ድካም ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመላጊያም አያስቸግርም። ጥፋቱ እርጥቡን መሥራት ነው። አሁንም አሁንም የሚመጣው ይኸው ነው! ከመጋዝ ቤት የወጣ ጣውላ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነው። እሱን 3 ሚሊ አድርጎ ልጎ፣ 10 ሳንቲ ስፋት ያለውን አንድ ወጥ ሳንቃ ግድግዳ አድርጎ ይለጥፈዋል፤ በጋ ሲገባ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ አይቀንስም ማለት ይቻላል፣ የሚጠበው በስፋቱ ነው፤ ከ10 ሳንቲው ላይ ጥቂት ሚሊ ይሄዳል። በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርቦ ማውጣት የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

መፍትሔው ጣውላውን መጀመሪያ 5 ሚሊ አድርጎ መሰንጠቅ፣ በየመሃሉ ቀጭን እንጨት አስገብቶ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ መደርደር ነው። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም 3 ሚሊ አድርጋችሁ ላጉት። ግድግዳውን 6 ሚሊ ስፋት ባላቸው ቁራጮች ሥሩ፤ ቁራጮቹን ከማዕቀፉ ጋር እንጂ እርስ በርስ አታጣብቋቸው።

ችፑድና ኤምዲኤፍ ጓሮ አይወጡም፤ ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ። ተራ ነጭ ኮላም በክረምቱ ይለቃል፤ ውሃ የሚችለውን ወይም ኢፖክሲ ተጠቀሙ።

ሌላው ጥፋት ኩርባውን መርሳት ነው። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር፣ በ1፡22.5 ልኬት (22.5 ጊዜ አሳንሶ) ሲሠራ 44.4 ሚሊ ይሆናል፤ ለ45 ሚሊው የጓሮ ሐዲድ ልክ ነው። በዚህ ልኬት የ15 ሜትር ፉርጎ 667 ሚሊ ይወጣዋል። የቦጊዎቹ (ፉርጎውን ከሥር የሚሸከሙት፣ የሚዞሩት የጎማ ጋሪዎች) መሃል ለመሃል ርቀት 450 ሚሊ ከሆነና የኩርባው ራዲየስ 600 ሚሊ ከሆነ፣ የፉርጎው ወገብ ወደ ውስጥ 44 ሚሊ ገደማ ይገባል፤ በ1200 ራዲየስ ግን 21 ብቻ። ኩርባው ጠባብ ከሆነ ፉርጎውን አሳጥሩት። እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት ወለሉን በካርቶን ቆርጣችሁ ሐዲዱ ላይ ግፉት፤ ጣቢያውን ወይም የአበባ መደቡን ቢመታ የሚባክነው ካርቶን ነው።

ሁለቱንም ቦጊ አጥብቆ ማሰር፦ የጓሮ ሐዲድ መቼም ለጥ ብሎ አይተኛም፤ የማይወዛወዝ ፉርጎ አንድ ጎማ አንጠልጥሎ ከሐዲድ ይወጣል። አንደኛው ቦጊ ወደ ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ ልል ይሁን፤ ሁለተኛው ይዙር እንጂ ወደ ጎን አይወዛወዝ። ጣሪያው ቀጭን፣ ክብደቱ ከወለሉ ሥር ይሁን።

ውጩን ሦስት እጅ ቀብቶ ውስጡን ባዶ መተውም አለ። ያልተቀባው ወገን እርጥበት ይጠጣና ሳንቃው ይቆለመማል። ውስጡንም ቫርኒሽ አድርጉ፤ የተቆረጠውን ጫፍ ደግሞ ደጋግማችሁ።

መስኮቱን በሱፐር ግሉ አታጣብቁ፤ ትነቱ ፕላስቲኩን ያነጣዋል።

ሞተሩ ኤሌክትሪክ ከሐዲዱ የሚያገኝ ከሆነ፣ የብረት ጎማዎቹ በአክሱሉ በኩል እንዳይገናኙ የተለዩ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ሁለቱ ሐዲዶች ይገናኙና ሾርት ይሆናል። ጣሪያውን ደግሞ በአራት ትንንሽ ቪቲ እሰሩት እንጂ አትለጥፉት፤ የወደቀ ወንበር ለማንሳት ፉርጎ መስበር የለባችሁም።